የኢንሹራንስ ላይሰንስ ፈተና፦ የቱን ላይሰንስ፣ በምን አጥንቶ፣ የት ተፈትኖ?

ኢንሹራንስ ለመሸጥ የሚያስፈልገውን ላይሰንስ ለማውጣት መጀመሪያ ስፈተን 67 አመጣሁ። ማለፊያው 70 ነው። የተፈተንኩት ቨርጂኒያ ነው፣ የንብረትና የተጠያቂነት ኢንሹራንስ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ፒ ኤንድ ሲ የሚለውን። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩና ውጤቱን በየክፍሉ ከፋፍሎ የሚያሳየውን ወረቀት ሳነበው ግራ ገባኝ። የጣሉኝ ያላጠናኋቸው ክፍሎች አልነበሩም። በቪዲዮ ሁለት ሦስቴ ያየኋቸው፣ "ይሄማ ገብቶኛል" ብዬ ያለፍኳቸው ናቸው። ውድ የቪዲዮ ፓኬጅ ገዝቼ፣ ማታ ከስራ ስገባ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ አየው ነበር፤ አስተማሪው አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ እሱ ባወራ ቁጥር ያወቅኩት እኔ ይመስለኛል።

በሁለተኛው አለፍኩ። ከዛ ወዲህ "የትኛው ኮርስ ይሻላል?" ብሎ የሚደውልልኝ ሰው በዝቷል። ኮርሱ ሦስተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው የቱን ላይሰንስ ነው የምትፈልጉት የሚል ነው፣ ሁለተኛው የምትኖሩበት ስቴት ምን ይጠይቃል የሚል። እነዚህን ሳትመልሱ የባንክ ካርዳችሁን ከቦርሳ አታውጡ።

ላይፍ ኤንድ ሄልዝ ወይስ ፒ ኤንድ ሲ?

አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስን በዋናነት የሚቆጣጠረው እያንዳንዱ ስቴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የማካረን ፈርጉሰን ሕግ ነው ይህን ያጸናው። ስለዚህ ፈተናውም ላይሰንሱም የስቴት ነው። በሕጉ ቋንቋ ኤጀንቱም ብሮከሩም "ፕሮዲውሰር" ይባላል። ቃሉ አያደናግራችሁ፣ ፊልም አትሰሩም።

ላይፍ ኤንድ ሄልዝ የሕይወትና የጤና ነው፦ ተርም (ለተወሰነ ዓመት የሚቆይ የሕይወት ኢንሹራንስ)፣ ሆል ላይፍ (ዕድሜ ልክ የሚቆየው)፣ አኑዪቲ (በየጊዜው ገቢ የሚከፍል ውል)፣ የመስሪያ ቤት የቡድን ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ)። በአንዳንድ ስቴት ሁለቱ ለየብቻ ይሰጣሉ፣ በአንዳንዱ አንድ ላይ። ይሄ ፈተና በአብዛኛው የማስታወስ ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ከስራ የወጣ ሰው ኮብራ በሚባለው ሕግ የመስሪያ ቤቱን የጤና ኢንሹራንስ ይዞ የሚቆየው 18 ወር፤ ኩባንያው በማመልከቻው ላይ ስህተት አገኘሁ ብሎ ውሉን መሟገት የሚችለው በመጀመሪያው 2 ዓመት ውስጥ፤ የሜዲጋፕ (የሜዲኬር ማሟያ ኢንሹራንስ) መመዝገቢያ፣ ፓርት ቢ (የሐኪም ወጪን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) ከጀመረ 6 ወር። ጭንቅላታችሁ ቁጥር የሚይዝ ከሆነ አይከብዳችሁም።

ፒ ኤንድ ሲ ሌላ ነው። ቤት፣ መኪና፣ ንግድ፣ የሠራተኛ ካሳ፣ ተጠያቂነት። እዚህ ታሪክ ይሰጧችኋል። ሰውየው የጓደኛውን መኪና ተውሶ ሦስተኛ ሰው ገጨ፣ የማን ኢንሹራንስ መጀመሪያ ይከፍላል? መልሱን ሸምድዳችሁ አታገኙትም፣ ፖሊሲው፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ፣ እንዴት እንደተሰራ ማወቅ አለባችሁ። በእኔ እይታ ከሁለቱ ከባዱ ይሄ ነው፣ ብዙ የተፈተኑ ጓደኞቼም የሚሉት ይህንኑ ነው።

መሀል ላይ ደግሞ ፐርሰናል ላይንስ የሚባል አለ። የግለሰብ ቤትና መኪና ብቻ። ፈተናው ቀለል ይላል፣ ስለዚህ ብዙ ሰው "በዚህ ልጀምር" ይላል። እኔ አልመክርም፣ በተለይ የምትሸጡት ለወገን ከሆነ። ዙሪያችሁን እዩ። አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንዱ ትራክ ገዝቷል፣ አንዷ ሬስቶራንት ከፍታለች፣ ሌላዋ የአረጋውያን መንከባከቢያ አላት። እነዚህ ሁሉ የንግድ ኢንሹራንስ ፈላጊዎች ናቸው፣ በፐርሰናል ላይንስ ላይሰንስ አንዳቸውንም ማስተናገድ አትችሉም። ኡበር የሚነዳ ዘመድ እንኳን ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የተለመደው የግል መኪና ፖሊሲ በክፍያ ሰው ሲጭን የደረሰ አደጋን አይሸፍንም፣ ተጨማሪ ሽፋን ካልገዛ በስተቀር። አፑን ከፍቶ ጥሪ ሲጠብቅ፣ ጥሪ ተቀብሎ ሲሄድ፣ ሰው ጭኖ ሲሄድ እያንዳንዱ የተለየ ነው። ትንሿን ፈተና አልፋችሁ ደንበኛ በሩ ላይ ሲቆም "ይሄን አልሸጥም" ከማለት ትልቁን አንዴ መጨረስ ይሻላል።

ጤናን ለመረጣችሁ አንድ ነገር፦ ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠውን ሜዲኬር፣ ለመሸጥ ላይሰንሱ ብቻ አይበቃም። ኩባንያዎቹ በየዓመቱ ኤይሂፕ የሚባለውን ወይም የመሰለውን ስልጠና እንድትጨርሱ ይጠይቃሉ። ዋናው የሽያጭ ወቅትም ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው፣ ስለዚህ ኖቬምበር ላይ ላይሰንስ ማውጣት ባቡሩ ሊሄድ ሲል ጣቢያ መድረስ ነው። ከገበያ ጋር የሚወጣና የሚወርደውን ቬሪያብል የሚባለውን የሕይወት ኢንሹራንስ መሸጥ የፈለገ ደግሞ በዚህ ላይ የፊንራ፣ ማለትም የአክሲዮንና መሰል ሻጮችን የሚቆጣጠረው ድርጅት፣ ፈተናዎች ይጨመሩበታል።

ስቴታችሁ ምን ይላል?

ልዩነቱ ያስገርማል። ኒውዮርክ ለፒ ኤንድ ሲ ከፈተናው በፊት 90 ሰዓት ክላስ ታስገድዳለች። ፍሎሪዳ ፒ ኤንድ ሲን ጀነራል ላይንስ ነው የምትለው፣ ለእሱ 200 ሰዓት ትጠይቃለች። ቴክሳስና ቨርጂኒያ ደግሞ የግዴታ ክላስ የላቸውም፣ ተመዝግባችሁ ሄዳችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ማለፊያውም አንድ አይደለም፤ ብዙ ቦታ 70 ነው፣ ካሊፎርኒያ 60።

ይሄ ምርጫችሁን በቀጥታ ይቀይረዋል። ክላስ ግዴታ በሆነበት ስቴት መጽሐፍ ብቻ ገዝቶ ማጥናት አይሰራም፣ ስቴቱ ያጸደቀውን ኮርስ መግዛት አለባችሁ። ስትገዙ "ፕሪላይሰንሲንግ" ይላል ወይስ "ኤግዛም ፕረፕ" ብቻ ነው የሚለው ብላችሁ እዩ። ሁለተኛው ሰርተፍኬት አይሰጥም። አንድ የማውቀው ልጅ ይሄን ሳያይ ገዝቶ፣ በድጋሚ ከፍሏል።

ለዋሽንግተን አካባቢ ሰዎች ደግሞ ጥሩ ዜና። የምትፈተኑት በምትኖሩበት ስቴት ብቻ ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው በቨርጂኒያ ካለፈ በኋላ፣ ለሜሪላንድና ለዲሲ እንደገና ሳይፈተን ኤንአይፒአር በሚባለው አገር አቀፍ የላይሰንስ ማመልከቻ ድረ ገጽ አመልክቶ፣ ከፍሎ፣ የነዋሪ ያልሆነ ሰው ላይሰንስ ያወጣል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አክስታችሁንም፣ ዲሲ ያለውን የወዳጃችሁን ልጅም በአንድ ፈተና ታገለግላላችሁ።

በምን ማጥናት?

አሁን ወደ ኮርሱ። ከማንኛውም ግዢ በፊት ግን በነጻ የሚገኘውን ያዙ። ፈተናውን የሚሰጡት ፒርሰን ቪው፣ ፕሮሜትሪክ ወይም ፒኤስአይ ናቸው፣ እንደ ስቴቱ። ለእያንዳንዱ ስቴት የተፈታኝ መመሪያ ያወጣሉ፣ እዛ ውስጥ ኮንቴንት አውትላይን አለ፤ ከየትኛው ርዕስ ስንት ጥያቄ እንደሚመጣ ይነግራችኋል። አትሙት፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ማንኛውንም ኮርስ የምትመዝኑት በዚህ ነው።

መጽሐፍ ርካሽ ነው፣ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰውም ይመቻል። ጠርዙ ላይ አማርኛውን ትጽፋላችሁ። ጓደኛ ያለፈበትን አሮጌ መጽሐፍ መዋስ ግን ተጠንቀቁ። ምሳሌ ልስጣችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ መኪና መያዝ ያለበት ዝቅተኛው የተጠያቂነት ሽፋን እስከ 2024 መጨረሻ 30/60/20 ነበር። ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ 50/100/25 ሆኗል፤ ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር። ድሮ 500 ዶላር ለስቴቱ ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፣ እሱም በጁላይ 2024 ቀርቷል። አሮጌው መጽሐፍ ሁለቱንም በድሮው ይነግራችኋል፣ እናንተም በልበ ሙሉነት ትሳሳታላችሁ። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ደግሞ 30/60/15 ነው። የስቴት ሕግ ክፍል ላይ አዲስ መረጃ ብቻ።

የኦንላይን ፓኬጅ፣ ማለትም ካፕላን፣ ኤግዛም ኤፍኤክስ፣ ኤክስሴል እና የመሳሰሉት የሚሸጡት፣ ንባብ፣ ቪዲዮና የጥያቄ ባንክ አንድ ላይ አለው። ዋጋው ከመቶ ዶላር አካባቢ ጀምሮ እንደ ጥቅሉ ወደ ላይ ይወጣል። በጥቅል ሲሸጡላችሁ የሚያስወድደው አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮው ነው፣ የሚያሳልፋችሁ ግን የጥያቄ ባንኩ ነው። እኔ ሁለተኛውን ጊዜ ርካሹን፣ ጥያቄ ብቻ ያለውን ገዛሁ። የተሳሳትኩትን እያንዳንዱን ጥያቄ በደብተር በእጄ ጻፍኩ፣ ለምን እንደተሳሳትኩ በአማርኛ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስትመርጡ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ መልሱ ስህተት ሲሆን ለምን እንደሆነ ያብራራል ወይስ "ሲ ነው" ብሎ ያልፋል? የማያብራራውን አትግዙ።

በአካል የሚሰጥ ክላስ ውድ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። ለብቻው ተቀምጦ ማጥናት ለማይችል፣ ልጆች ቤቱን ለሚያምሱበት ሰው ጥሩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሹራንስ ለሚሰማ ሰው ግን ይፈጥናል። አስተማሪው ስለ ቤት ኢንሹራንስ ኤችኦ 3 እና ኤችኦ 4 አውርቶ ሳይጨርስ፣ እናንተ አሁንም "ኤችኦ ምንድነው?" ላይ ናችሁ። (የመጀመሪያው ለቤት ባለቤት፣ ሁለተኛው ለተከራይ ነው።) መጀመሪያ አንዴ አንብባችሁ ጨርሳችሁ ከሄዳችሁ ግን ይጠቅማል።

በአማርኛ የሚያስጠኑ ሰዎችም አሉ። አንዳንዶቹ ጎበዞች ናቸው፣ ለሰዓታት ያላገኛችሁትን በአምስት ደቂቃ ያስረዷችኋል። ልክ ነው፣ እድር የሚያውቅ ሰው ስለ ስጋት መጋራት ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ግን ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም። ፍሎሪዳን በመሳሰሉ ስቴቶች በስፓኒሽ አለ፣ ለእኛ የለም። "አረቦን" ብላችሁ ተምራችሁ ስክሪኑ ላይ "ፕሪሚየም" ሲመጣ ማሰብ የለባችሁም፣ ወዲያው መታወቅ አለበት። ስለዚህ ማብራሪያው በአማርኛ፣ ልምምዱ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ብቻ የሚያስተምርና ጥያቄ የማያሰራ አስተማሪ ካገኛችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

እኛን የሚጥለን ቋንቋው ነው

ወረቀቴን ሳየው ስህተቶቼ በአብዛኛው ከቃላት ጋር የተያያዙ ነበሩ። እንግሊዝኛ አልችልም ማለቴ አይደለም፣ አሥራ ምናምን ዓመት ሰርቼበታለሁ። የሕግ እንግሊዝኛ ሌላ ነው።

ለምሳሌ "ሪስክ"፣ "ፔሪል"፣ "ሃዛርድ"። ሦስቱንም በአማርኛ "አደጋ" ብለን እንገላገላለን። ለፈተናው ግን ሦስት ነገር ናቸው። ሪስክ ኪሳራ መድረስ አለመድረሱ አለመታወቁ ነው። ፔሪል ኪሳራውን ያመጣው ራሱ ነገሩ ነው፦ እሳት፣ ሌባ፣ ነፋስ። ሃዛርድ ደግሞ ያ ነገር እንዲደርስ እድሉን የሚጨምር ነው፦ የተላጠ ሽቦ፣ ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ዘይት። ይባስ ብሎ ሃዛርድ ራሱ "ሞራል" እና "ሞራሌ" ተብሎ ይከፈላል። የመጀመሪያው ተንኮል ነው፣ ሱቁን ራሱ የሚያቃጥል ሰው። ሁለተኛው ግድየለሽነት ነው፣ "ኢንሹራንስ አለኝ" ብሎ መኪናውን ሞተሩ እየሰራ ትቶ ቡና ሊገዛ የሚገባ። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የአንድ ፊደል ልዩነት ነው፣ ሆን ብለው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል።

ከዛ ደግሞ በ"ኦር" እና በ"ኢ" የሚያልቁት። ሌሰርና ሌሲ። እዚህ አማርኛ ያግዛል፦ አከራይና ተከራይ። "ኦር" ያለው እንደ እኛ "አ" ነው፣ አድራጊው። "ኢ" ያለው እንደ "ተ"፣ ተቀባዩ። ይሄን ዘዴ ሳገኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እስከ ሞርጌጅ ድረስ። ሞርጌጀር አበዳሪው መሰለኝ። አይደለም። ሞርጌጀር ተበዳሪው ነው፣ ባንኩ ሞርጌጂ ነው። ለምን? ሞርጌጅ ብድሩ ሳይሆን መያዣው ስለሆነ ነው፤ መያዣ የሚሰጠው ቤቱ ያለው ሰው ነው፣ የሚቀበለው ባንኩ። ይሄ ከገባችሁ በኋላ በሕይወታችሁ አይጠፋችሁም።

ሌላው "ኤክሰፕት" ነው። "ከሚከተሉት ሁሉም ትክክል ናቸው፣ ከዚህ በስተቀር" ዓይነት ጥያቄ ሞልቷል። ጥያቄውን ሳትጨርሱ የመጀመሪያውን እውነት ስታዩ ጠቅ ታደርጋላችሁ። እኔ ቢያንስ ሦስት ጥያቄ እንዲህ አጥቻለሁ ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ሦስት ደግሞ ልክ የጎደለኝ ነጥብ ነው። እንግዲህ በልምምድ ጊዜ ቃሉን ባያችሁ ቁጥር ጣታችሁን ከማውሱ ላይ አንሱ። ያስቃል፣ ግን ይሰራል።

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ አትፍሩት። ኮኢንሹራንስ የሚባለው ብቻ ሰው ያስደነግጣል። አንድ ሬስቶራንት ያለበት ሕንጻ 500 ሺህ ዶላር ያወጣል እንበል። ፖሊሲው 80 ከመቶ ይጠይቃል፣ ማለትም ባለቤቱ 400 ሺህ መግዛት ነበረበት። የገዛው 300 ሺህ ነው። የ40 ሺህ ዶላር እሳት ደረሰ። የገዛውን መግዛት ለነበረበት ታካፍላላችሁ፣ ሦስት አራተኛ ይሆናል፤ ዲዳክቲብሉን (ባለቤቱ መጀመሪያ ከኪሱ የሚከፍለውን) ትተን ኩባንያው 30 ሺህ ይከፍላል። ቀሪው የባለቤቱ ነው። ይሄን ለእናታችሁ በአማርኛ ማስረዳት ከቻላችሁ ጥያቄውን ትመልሳላችሁ።

አንዳንድ ስቴቶች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ተፈታኝ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣሉ፣ በደብዳቤ ከተጠየቀ። ከመመዝገባችሁ በፊት መመሪያው ላይ ፈልጉት። ማፈር የለም።

ኩባንያ ይክፈልልኝ ወይስ ራሴ?

አንዳንድ ቢሮዎች "ና፣ ኮርሱንም ፈተናውንም እኛ እንችላለን" ይላሉ። በላይፍ ኢንሹራንስ በኩል ይሄ በሰፊው አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሳይቀር ሰው ያናግራችኋል። ሁሉም መጥፎ አይደለም። ደመወዝ የሚከፍል ቢሮ ከሆነና የከፈለልኝን ለመመለስ ስንት ጊዜ እቆያለሁ የሚለው በጽሁፍ ካለ፣ ተቀበሉ። ኮሚሽን ብቻ ከሆነና መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ስራ የዘመዶቻችሁን ስልክ ዝርዝር መጻፍ ከሆነ፣ የራሳችሁን ከፍላችሁ ነጻ ሆናችሁ መውጣት ይረክሳል። በቅድሚያ የተከፈላችሁ ኮሚሽን ደንበኛው ፖሊሲውን ቶሎ ካቋረጠ ተመላሽ እንደሚጠየቅም እወቁ። አክስትህን አስገብተህ አክስትህ በአራተኛው ወር ስታቆም፣ ዕዳው ያንተ ነው።

የፈተናው ክፍያ ራሱ በብዙ ስቴት ከመቶ ዶላር በታች ነው። ለዚህ ብሎ ነጻነትን መሸጥ አይገባኝም።

ጣቢያ ወይስ ቤት?

ብዙ ቦታ ቤታችሁ ሆናችሁ በካሜራ እየታያችሁ መፈተን ይቻላል። ብቻችሁን የምትሆኑበት ክፍል፣ ባዶ ጠረጴዛ፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ክፍሉን በካሜራ ዞራችሁ ታሳያላችሁ። እንደኔ ጥያቄን ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ የምታነቡ ከሆነ ግን ጣቢያ ሂዱ፤ ቤት ውስጥ ማንበልበል አይፈቀድም፣ ያስጠነቅቋችኋል፣ ልባችሁ ይወጣል። ልጅ በር ከፍቶ ቢገባም ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል። ጣቢያ፣ ያለ ጥርጥር።

መቼ መመዝገብ? ሰዓት ይዛችሁ፣ ያላያችኋቸውን ጥያቄዎች፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ 85 ስታመጡ። 72 እያመጡ "ቀኑ ሲደርስ ይሻሻላል" የሚሉ ሰዎች አሉ። አንዱ እኔ ነበርኩ።

ስማችሁ

የመጨረሻው ነገር ኮርስ አይደለም፣ ግን ስንቱን ሰው ከፈተናው በር መልሷል። ስትመዘገቡ የምትጽፉት ስም መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። የኛ ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም የመጨረሻ ስም ሆኗል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት፣ ባንኩ ደግሞ ሁለቱን አያይዞ ጽፏል። ስማቸው በእንግሊዝኛ በአንድ ቦታ በአንድ "ኤስ" በሌላ ቦታ በሁለት የተጻፈም አሉ። ይዛችሁ የምትሄዱትን መታወቂያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ እሱን እያያችሁ ተመዝገቡ። ካለፋችሁ በኋላ ለላይሰንሱ ስታመለክቱም፣ ስቴቱ የጣት አሻራ የሚጠይቅ ከሆነ እዛም፣ ያንኑ ስም። እኔ ለፈተናው ያባቴን ስም፣ ለማመልከቻው ያያቴን ጽፌ፣ ውጤቴና ማመልከቻዬ እስኪገናኙ አስራ አንድ ቀን ስልክ ስደውል ከረምኩ።